46 ኪሎና የሰፈሩ አደራ

የጠያቂያችን ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ። የ62 ዓመት ሴት ነኝ፤ ጡረታ የወጣሁ መምህርት። የምኖረው ኮተቤ ነው። ዴንቨር ያለችው ልጄ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ሁለት ወር ቀርቷታል። በአራስነቷ ጎኗ እንድሆን ትኬት ላከችልኝና የዛሬ ሦስት ሳምንት ቅዳሜ እበራለሁ፤ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን፣ ከዚያ ዴንቨር። ከአገር ወጥቼ አላውቅም።

ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ መያዝ እንደምችል ልጄ ስትነግረኝ ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ቡና ላይ ለጎረቤት አወራሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሬ አልተዘጋም። አንዷ ለልጇ ሦስት ኪሎ ሽሮ፣ ሌላዋ አምስት ኪሎ በርበሬ፣ የባለቤቴ እህት ጀበናና ሁለት የሐበሻ ቀሚስ፣ የዕድራችን ዳኛ ለወንድማቸው ማር፤ ሌሎችም አሉ፤ እስካሁን ስድስት ቤት ሆኗል። እነዚህ ሰዎች ባለቤቴ ያረፈ ጊዜ ድንኳን ተክለው፣ ሳምንት ሙሉ ከፊቴ ያልጠፉ ናቸው። በየትኛው አፌ እምቢ ልበላቸው?

ትናንት ደግሞ አንዲት ብዙም የማላውቃት ሴት ዙሪያውን በክር የተሰፋ ጥቅል ይዛ መጣች። «መድኃኒትና ልብስ ነው፤ ዴንቨር ላይ የሚቀበልዎ ሰው አለ» ብላ አስቀምጣው ሄደች።

ልጄ ራሷ የጠየቀችኝ ቅቤ፣ ቋንጣ፣ የገንፎ ዱቄትና ትንሽ በርበሬ ነው። የእሷ ሳይገባ የሰው ሊሞላብኝ ነው። አንዲት የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ኤርፖርት ላይ ሰው ሁሉ እያያት ሻንጣዋን ከፍታ፣ ግማሹን አውጥታ፣ እያለቀሰች እንደገባች ነግራኛለች። እሱን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም። ወገቤንም ያመኛል። ምን ላድርግ?

እናት፣ ከኮተቤ

መልስ

እናቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎ። ልጅዎንም በሽልም ያውጣልዎ።

ከሁሉ በፊት በክር ስለተሰፋው ጥቅል ልናገር። ለሌላው ሁሉ ሦስት ሳምንት ጊዜ አለን፤ ይሄ ግን ዛሬውኑ መፍትሔ ይፈልጋል። ይህን ጥቅል ሳይከፈት አይውሰዱት። ሻንጣዎን ሲያስረክቡ «ራስዎ ነዎት ያዘጋጁት? ሰው የሰጠዎ ዕቃ አለበት?» ተብለው ሊጠየቁ ይችላሉ። ሻንጣው ላይ የሚለጠፈው ወረቀት የያዘው የእርስዎን ስም ነው፤ ከውስጡ የሚወጣውም ሁሉ በእርስዎ ስም ይቆጠራል። «የሰው አደራ ነው» የሚለው ቃል እዚያ ቦታ ላይ አያድንም።

ሴትየዋ ክፉ አስባለች ማለቴ አይደለም። እውነትም መድኃኒትና ልብስ ይሆናል። ግን መድኃኒትም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። ለምሳሌ ትራማዶል የሚባለው የሕመም ማስታገሻ አሜሪካ ውስጥ ጥብቅ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው መድኃኒቶች አንዱ ነው፤ የሌላ ሰው ሆኖ ሻንጣዎ ውስጥ ሊገኝ አይገባም። ጫትም እዚህ በየመንደሩ ቢሸጥ እዚያ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ደርቆና ሻይ ቅጠል መስሎ ቢታሸግም ያው ነው። ስለዚህ ይደውሉላትና «ከፍቼ ያላየሁትን ዕቃ ሻንጣዬ ውስጥ አላስገባም፤ ነይና አብረን እንክፈተው» ይበሏት። ከመጣች፣ ልብሱን ኪሱንና ስፌቱን ሳይቀር እየዳሰሱ ይዩት፤ መድኃኒቱን ግን መልሰው ይስጧት። መክፈት ካልፈለገች ጥቅሏን ይዛ ትሂድ። ፖስታ ቤት ኢኤምኤስ የሚባል አገልግሎት አለው፤ በራሷ ስም ትላከው። የቀሩት ጎረቤቶችዎ ላይ ይሉኝታ ቢይዝዎ ይገባኛል፤ እዚህ ላይ ግን ይሉኝታን ጨርሶ ይተዉት።

አሁን ወደ ኪሎው እንምጣ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው «46 ኪሎ አለኝ» ብሎ ሲያስብ ነው። ያለዎት 46 ሳይሆን 23 እና 23 ነው። አንዱ ሻንጣ 27፣ ሌላው 19 ቢመዝን ድምሩ 46 ነው፤ ቢሆንም 27ቱ ከልክ በላይ ነው፤ ወይ ያስከፍላል፣ ወይ ያስከፍታል። የባልደረባዎ ዕንባ ከዚህ የመጣ ሊሆን ይችላል። አንድ ሻንጣ ከ32 ኪሎ ካለፈ ደግሞ ብዙ አየር መንገዶች ተከፍሎበትም አይቀበሉትም፤ የሚያነሱት ሰዎች ወገብ አለና። መጠኑም ይለካል፤ ርዝመቱ፣ ስፋቱና ውፍረቱ ተደምሮ ከ158 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ። 75 በ50 በ33 የሆነ ሻንጣ ልክ እዚያ ላይ ያርፋል፤ ሲለኩት ጎማውንና እጀታውን አይርሱ።

አየር መንገዶች ለክብደት የሚጨነቁት ያለ ምክንያት እንዳይመስልዎ። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ያለ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላን ከዚያ ይዞ የሚነሳው ክብደት ከቆላ ከሚነሳው ያነሰ ነው። ወደ አሜሪካ የሚሄደው በረራ ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ የሚሞላውም ለዚህ ነው።

ከዚያ ደግሞ ባዶው ሻንጣ ራሱ ይመዝናል። ትልቅ ጠንካራ ፕላስቲክ ሻንጣ ባዶውን ከ4 እስከ 5 ኪሎ ተኩል ነው። ሁለት እንደዚያ ያለ ይዞ መሄድ አሥር ኪሎ በርበሬ የሚያህል ባዶ ፕላስቲክ መሸከም ነው። ለእርስዎ አንድ ጎማ ያለው የጨርቅ ሻንጣና አንድ ወፍራም ዚፕ ያለው የሸራ ቦርሳ ይበቃል፤ የመጀመሪያው 3 ኪሎ፣ ሁለተኛው 1 ኪሎ ገደማ። በእያንዳንዱ ላይ አንድ አንድ ኪሎ ነፃ ይተዉ፤ የቤት ሚዛንና የኤርፖርት ሚዛን እኩል አይናገሩም፤ አሜሪካ ውስጥ የሚቆጠረው 50 ፓውንድ ደግሞ 23 ሳይሞላ 22.7 ኪሎ ላይ ያበቃል። እንግዲህ ከ46ቱ 4 ለሻንጣው፣ 2 ለመጠባበቂያ ሲወጣ 40 ኪሎ ቀረዎ። ይህን 40 ኪሎ ዛሬ ማታ ወረቀት ላይ ይከፋፍሉት። እኔ ብሆን 10 ለራስዎ፣ 18 ለልጅዎና ለሚወለደው፣ 9 ለጎረቤቶችዎ፣ 3 ደግሞ ሳይታሰብ ለሚመጣ እይዛለሁ። የመጨረሻዋ ማታ በር የሚያንኳኳ አይጠፋም።

9 ኪሎ ለስድስት ቤት ሲካፈል አንድ ኪሎ ተኩል ነው። «ትንሽ ነው፣ ያስቀይማል» ይሉኝ ይሆናል። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ከመጣልዎ ዕቃ ውስጥ ልጁ እጅ ካልገባ የማይሆነው የትኛው ነው? የትኛውስ «እናትህ አልረሳችህም» ለማለት የተላከ ነው? አውሮራን የመሰሉ የዴንቨር አካባቢዎች ውስጥ ሽሮና በርበሬ የሚሸጥባቸው የሐበሻ ሱቆች አሉ፤ ጤፍም አሜሪካ ውስጥ፣ አይዳሆ ላይ ይመረታል። ስለዚህ ያ ልጅ ሽሮ አጥቶ አይደለም፤ የናፈቀው የእናቱ እጅ ነው። የእናቱን እጅ ደግሞ አንድ ኪሎ ተኩልም ያደርሰዋል።

እምቢታው ከእርስዎ አፍ እንዳይወጣ ከቁጥሩ ይውጣ። ለአንዱ ሦስት ኪሎ ተቀብለው ለሌላው አንድ ካሉ ቅያሜው ያን ጊዜ ይመጣል። እሁድ ቡና ሲጠጣ፣ ስድስቱም ባሉበት፣ እንዲህ ቢሉስ? «የናንተን ውለታ አልረሳም፤ የሁላችሁንም እወስዳለሁ። ከልጄ ጋር ኪሎውን ቆጥረን ለአንድ ቤት አንድ ኪሎ ተኩል ደርሷል። የምበርበት ሳምንት ማክሰኞ ማታ ድረስ አምጡልኝ፤ ከማክሰኞ በኋላ ሻንጣው ይዘጋል።» በረራዎ ቅዳሜ ስለሆነ ማክሰኞ ማለት ሦስት ሙሉ ቀን ይተርፍልዎታል። ዕቃው ሁሉ ውስጡ በሚታይ ላስቲክ ይምጣ፤ የተቀባዩ ስምና ስልክ ላዩ ላይ ይጻፍ። ቤት ውስጥ በኩሽና ሚዛን እነሱ እያዩ ይመዝኑት።

አንድ ነገር ደግሞ ሳይጠይቁ አይቀበሉ፤ ተቀባዩ የት ነው ያለው? ዴንቨር ከሆነ መጥቶ ይውሰድ። ሲያትል ወይም ዳላስ ከሆነ ግን ያን ጥቅል ፖስታ ቤት ተሰልፋ የምትልከው ልጅዎ ናት፤ ነፍሰ ጡር ሆና ወይም አራስ ሆና። «ልጅሽ ራሱ መጥቶ ወይም ሰው ልኮ ከልጄ ቤት የሚወስደው ከሆነ እሺ» ማለት ማንንም አያስቀይምም።

የባለቤትዎ እህት ጀበናውን ወይም ቀሚሶቹን ይምረጡ፤ ሁለቱም ከሆነ ከሦስቱ ኪሎ ትርፍ ይሸፈን። የዕድር ዳኛውን ማር ልብ ይበሉ፤ ማር ከባድ ነው፤ አንድ ሊትር 1.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በጠርሙስ ሳይሆን ክዳኑ በሚጠመዘዝ ወፍራም ፕላስቲክ ይሁን። የሚጫነውም ሻንጣ ውስጥ ይግባ፤ እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠር ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በእጅ ቦርሳ አያልፍም።

የልጅዎን ዝርዝር ሳይ ደግሞ ልቤን የነካኝ፣ ከጠየቀችው አራት ነገር ሁለቱ የማያልፉ ወይም የሚያስቸግሩ መሆናቸው ነው። ቋንጣ ይቅር። ኢትዮጵያ ውስጥ አፍተግር የሚባለው የከብት በሽታ ስላለ አሜሪካ ሥጋ፣ ደርቆም ተቀቅሎም ቢሆን፣ በመንገደኛ እጅ እንዲገባ አትፈቅድም። ከቋንጣ ጋር የተቀላቀለ ድርቆሽም እንደ ሥጋ ይቆጠራል። ቅቤም የወተት ውጤት ስለሆነ በዚሁ በሽታ ምክንያት ሊወሰድብዎ ይችላል። ሦስት ኪሎ ቅቤ አንጥረው፣ ኪሎዎን በልተው፣ ዋሽንግተን ቆሻሻ ውስጥ ሲጣል ከሚያዩ ቅመሙን ይዘው ይሂዱ። ኮሰረት፣ ኮረሪማ፣ አብሽ፣ እርድ፤ ሁሉም የደረቀና የተፈጨ። ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ቅመም ለብዙ ኪሎ ቅቤ ይበቃል። ጨው የሌለበት ቅቤ ዴንቨር በየሱቁ አለ፤ ከአራሷ አልጋ አጠገብ እርስዎ ራስዎ ያነጥሩታል። ያ ሽታ ቤቱን ሲሞላው ልጅዎ ቅቤው የየት አገር ላም እንደሆነ የምትጠይቅ አይመስለኝም።

እንጀራም አይጫኑ፤ አብዛኛው ውሃ ነው፤ ሃያ እንጀራ ሰባት ኪሎ ይደርሳል። ድርቆሽ ካደረጉት ግን አንድ ኪሎው ብዙ ቀን ይበላል። የልጅዎን 18 ኪሎ ለምሳሌ ያህል እንዲህ ሊያደርጉት ይችላሉ፤ የገንፎ ዱቄት 5፣ ሽሮ 3፣ በርበሬ 3፣ በሶ 2፣ ቅመም 1፣ ድርቆሽ 1፣ ቡና 1፣ ለሕፃኑ መታቀፊያ ጋቢ 2። ቡናው የተቆላ ይሁን፤ ከአገር በሚወጣ ቡና ላይ ጉምሩክ ገደብ ስላለው ከመግዛትዎ በፊት መጠኑን ይጠይቁ። ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ማንኛውም እርጥብ ቅጠል፣ ፍራፍሬና የሚዘራ ዘር አይያዙ።

የተፈቀደውም ቢሆን መነገር አለበት። ዋሽንግተን ሲደርሱ «ምግብ ይዘዋል?» ይባላሉ፤ መልሱ «አዎ» ነው። የተናገሩት ነገር ክልክል ሆኖ ቢገኝ ዕቃው ይወሰዳል እንጂ አያስቀጣም። የደበቁት ከተገኘ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ለተያዘ ሰው እንኳ ብዙ ጊዜ 300 ዶላር ነው። እንግሊዝኛው ድንገት እንዳይጠፋብዎ ልጅዎ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ የያዙትን ምግብ በእንግሊዝኛ ጽፋ ትላክልዎ፤ የተፈጨ በርበሬ፣ የሽንብራ ዱቄት፣ የገብስ ዱቄት፣ ማር፣ የተቆላ ቡና፤ «ሥጋ የለም» የሚልም ታክልበት። ከፓስፖርትዎ ጋር ይያዙት፤ ለሠራተኛው ዘርግተው ይስጡት።

አጠቃቀሉ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አብዛኛው ጉዳት የሚመጣው ከዚህ ነው። በርበሬ ደቃቅ ነው፣ ዘይትም አለው፤ አንዴ ካፈተለከ ነጭ ቀሚስ አይተርፈውም። አንድ አንድ ኪሎ አድርገው በወፍራም ላስቲክ ይቅዱት፤ ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው በመዳፍዎ አየሩን ገፍተው ያውጡ፤ አፉን ሁለት ጊዜ አጥፈው በሰፊ ፕላስተር ያሽጉት። ከዚያ ሁለተኛውን ላስቲክ ከላይ ወደ ታች ይገልብጡበት፤ የአንዱ አፍ በሌላው ቂጥ በኩል እንዲውል። ጠፍጣፋ ሆኖ እንደ መጽሐፍ ይደረደራል። ላዩ ላይ በእንግሊዝኛ ምንነቱን ይጻፉ። ላስቲኩ ውስጡን የሚያሳይ ከሆነ ፈታሹ መብጣት አያስፈልገውም፤ ጥቁር ፌስታል ውስጥ ያለ ዱቄት ግን መወጋቱ አይቀርም።

እግረ መንገዴን፣ «አውሮፕላን ላይ ላስቲክ ይፈነዳል» የሚሉ ይኖራሉ። በረራው ላይ ያለው የአየር ግፊት ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለ ቦታ ጋር ተቀራራቢ ነው፤ አዲስ አበባም እዚያው አካባቢ ናት። ስለዚህ ኮተቤ የታሸገ ነገር አይነፋም፤ ዋሽንግተን ሲወርድ እንዲያውም ይጨመደዳል። የሚነፋውና የሚፈሰው ዝቅተኛ ቦታ ታሽጎ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው ነው፤ ከዋሽንግተን የሚገዛ ሎሽንና ሻምፑ።

ምግቡን ሁሉ አንድ ሻንጣ፣ ልብሱን ሁሉ ሌላው ውስጥ አያድርጉ። ዱቄት ከባድ ስለሆነ ሻንጣው ገና ግማሽ ሳይሞላ 23 ይደርሳል፤ ሌላው ደግሞ ጢም ብሎ 14 ይሆናል። ሁለቱም ውስጥ ከሁለቱም ይግባ። አንዱ ቢዘገይ እንኳ የሚለብሱትም የሚቀምሱትም አያጡም። ከባዱ ከጎማው በኩል፣ ልብሱ ከላይ። ጀበናው የሚሰበረው አንገቱ ላይ ነው፤ ሆዱን በካልሲ ይሙሉት፣ አንገቱን በወረቀት ይጠቅልሉት፣ ከዚያ በጋቢው ጠቅልለው የሻንጣው እምብርት ላይ፣ ከሁሉም ጠርዝ አርቀው ያስቀምጡት።

ሦስቱን ኪሎ ትርፍ ብቻውን በአንድ ፌስታል አድርገው ከላይ ያኑሩት። ቦሌ ላይ ሚዛኑ 24 ቢል ዚፑን አንድ ስንዝር ከፍተው ያን ፌስታል ብቻ ያወጣሉ፤ ገበናዎ አይዘረገፍም። ሸኚዎችዎ ሻንጣው መግባቱን ደውለው እስኪነግሯቸው ድረስ ውጭ ይቆዩ፤ ፌስታሉን ይዘው ይመለሳሉ። የሻንጣ ሚዛን ከሌለ ሰው በሚመዘንበት ሚዛን ላይ አንድ ጎረምሳ ብቻውን ይውጣ፤ ከዚያ ሻንጣውን ታቅፎ ይውጣ፤ ልዩነቱ የሻንጣው ነው። ሐሙስ ማታ ይመዝኑ፤ ዓርብ ለማስተካከያ ይሁን። ሦስተኛ ሻንጣ የግድ ካስፈለገ ልጅዎ አስቀድማ በኢንተርኔት ትጠይቅ፤ ብዙ አየር መንገዶች አስቀድሞ ለሚገዛ ይቀንሳሉ።

ቁልፍ አያብዙ። አሜሪካ ውስጥ ሻንጣ ከፍተው ሊፈትሹ ይችላሉ፤ ተራ ቁልፍ ካገኙ ሰብረው ይከፍቱታል። የከፈቱ እንደሆነ ወረቀት ትተው ይሄዳሉ፤ ቢያገኙት አይደንግጡ።

የእጅ ቦርሳዎ በአብዛኛው 7 ኪሎ ነው። የደም ግፊትም ይሁን ሌላ መድኃኒት ካለዎ ከነካርቶኑና ከሐኪም ወረቀቱ ጋር እዚህ ይግባ፤ ከሻንጣው ጋር አይጫን። መነጽር፣ ወርቅ፣ አንድ ቅያሪ ልብስ፣ የልጅዎ አድራሻና ስልክ በወረቀት ተጽፎ። የስልክ ባትሪ መሙያ፣ ፓወር ባንክ የሚሉት፣ መያዝ ያለበት በእጅ ብቻ ነው፤ ሻንጣ ውስጥ ክልክል ነው፣ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል። 20,000 የሚል ቁጥር ያለው 74 ዋት ሰዓት ገደማ ስለሆነ ከ100 በታች ነው፤ ያልፋል። በርበሬና ሽሮ ግን በእጅ አይያዙ፤ ወደ አሜሪካ በሚሄድ በረራ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት መንገደኛ የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ይዞ መግባት ላይ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ተጨማሪ ፍተሻ አለ፤ ሊከለከሉ ይችላሉ።

ዋሽንግተን ላይ የሚያደናግረው አንድ ነገር ነው። ሻንጣዎ ላይ «ዴንቨር» ተብሎ ቢለጠፍም መጀመሪያ ደለስ ላይ፣ ማለትም በዋሽንግተኑ ኤርፖርት፣ ራስዎ ያነሱታል። ፓስፖርት ይታያል፣ ሻንጣ ይነሳል፣ ጉምሩክ ይታለፋል፣ ከዚያ እንደወጡ ለዴንቨር መልሰው ያስረክባሉ። ሻንጣውን ትተው ወደ ሁለተኛው አውሮፕላን የሚሄዱ መንገደኞች አሉ፤ ሻንጣቸው እዚያው ይቀራል።

ለዚህ ሁሉ ወገብዎን ያመዎታል ብለዋል። ልጅዎ ለአየር መንገዱ ከ48 ሰዓት በፊት ደውላ «ዊልቸር» ታስመዝግብልዎ። አያስከፍልም፤ አጭር መንገድ መራመድ ባይቸግርዎም ሊጠይቁ ይችላሉ። የሚገፋዎ ሠራተኛ ከፓስፖርቱ መስመር እስከ ሻንጣው፣ ከሻንጣው እስከ ሁለተኛው በረራ አብሮዎ ይሄዳል። ቋንቋውንም መንገዱንም ያቃልልዎታል። የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ሲያስረክቡ የሚሰጥዎትን ሁለት ትናንሽ የሻንጣ ወረቀቶች አይጣሉ። ከቤት ሳይወጡም ሁለቱን ሻንጣ በስልክ ፎቶ ያንሷቸው፤ ስምና ስልክ ውጭም ውስጥም ይሁን። ሻንጣ ካልመጣ ከአዳራሹ ሳይወጡ ያስመዝግቡ። ተሰብሮ ከመጣ በ7 ቀን ውስጥ፣ ዘግይቶ ከደረሰ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካላመለከቱ ካሳ የመጠየቅ መብትዎን ያጣሉ።

ዛሬ ማታ ልጅዎ ስትደውል ሦስት ነገር ይጠይቋት። የዴንቨሩ በረራ ከዋሽንግተኑ ጋር በአንድ ትኬት ነው ወይስ ለብቻው ተገዝቷል? ለብቻው ከሆነ የአገር ውስጡ አየር መንገድ ለእያንዳንዱ ሻንጣ ሊያስከፍል ይችላል፤ ካርድ ይዛ ትጠብቅዎት። የጎረቤቶቹን ዕቃ ማን ከቤቷ ይወስደዋል? ሦስተኛው፣ ካፖርት ኤርፖርት ይዛልዎ ትመጣለች ወይ? ካፖርቱ ከአሥሩ ኪሎዎ ላይ ሁለት ኪሎ ይመልስልዎታል፤ ያን ጊዜ የገንፎው ዱቄት ሰባት ይሆናል።